ከወናፍ እስከ ስስ ሽፋን፦ የሳንባና የአየር ቧንቧዎች ዕውቀት ታሪክ

መግቢያ

በቋንቋችን ነፋስ፣ ነፍስና እስትንፋስ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሞተውን ሰው «ትንፋሹ ተቋረጠ» እንላለን፤ የደከመውን «ትንፋሽ አጠረው» እንላለን፤ በሐሳብ የተወጠረውን ደግሞ «እስቲ ተንፈስ በል» እንለዋለን። ይህ የቃላት ዝምድና የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪኮችም «ፕኒውማ» በሚል አንድ ቃል ነፋስንም፣ እስትንፋስንም፣ መንፈስንም ይጠሩ ነበር። መተንፈስ ያቆመ ሰው መኖርንም እንደሚያቆም ለመገንዘብ ሐኪም መሆን አላስፈለገም። ሳንባ በደረት ውስጥ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ ግን የሰው ልጅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ረጅም ጉዞ በአጭሩ ማስቃኘት ነው። ይሁን እንጂ የሊቃውንትን ስምና ዓመተ ምሕረት መደርደር ብቻውን ለጤና ባለሙያ ብዙ አይጠቅምም። ስለሆነም በየምዕራፉ አንድ ጥያቄ አብረን እንድናነሣ አንባቢን እንጋብዛለን፤ ይኸውም አንድ ዕውቀት ከተገኘበት ዕለት አንሥቶ ከታማሚው አልጋ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ? ያዘገየውስ ምን ነበር? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልብን የሚያቀዘቅዝ ወናፍ

የጥንት ግሪካውያን ሊቃውንት ስለ ሳንባ የነበራቸው ግምት ዓይን ከሚያየው ነገር የተነሣ ነበር። ደረት ይነሣል፣ ይወርዳል፤ አየር ይገባል፣ ይወጣል። ሰውነት ሲሞቅና ሲሮጥ ትንፋሽ ይፈጥናል። ከዚህ በመነሣት አሪስቶትል ልብ የሰውነት ሙቀት ምንጭ እንደሆነና ሳንባም ቀዝቃዛ አየር እያስገባ ይህን እሳት እንደሚያበርድ አስተማረ። የእኛ አንጥረኛ ወናፉን የሚነፋው ፍሙን ለማቀጣጠል ነው፤ የአሪስቶትል ወናፍ ግን እሳቱን ለማብረድ የተሠራ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ከተማ ሄሮፊለስና ኤራሲስትራተስ የሰው አስከሬን እየከፈቱ መርምረዋል። ኤራሲስትራተስ ከሞት በኋላ ደም ቅዳዎች ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆነው ስለሚገኙ በሕይወት ሳሉም የሚሸከሙት አየርን እንጂ ደምን አይደለም ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ይህ ስሕተት እስከ ዛሬ በምንጠቀምባቸው የሙያ ቃላት ውስጥ አሻራውን ትቶ አልፏል። «አርተሪ» የሚለው ቃል መሠረቱ «አርቴሪያ» የተባለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ይህ ቃል አስቀድሞ የአየር ቧንቧም መጠሪያ ነበር። ዋናው የአየር ቧንቧ በዙሪያው ባሉት የካርቲሌጅ ቀለበቶች ምክንያት ሲዳስሱት ሻካራ ስለሆነ «ሻካራው አርቴሪያ» ተባለ። ከዚህ ሐረግ ውስጥ «ሻካራ» የሚለው ቅጽል ብቻውን ቀርቶ «ትራኪያ» የሚለውን ስም ሰጠን። እንግዲህ በየዕለቱ ትራኪያና አርተሪ ስንል የጥንቱን እምነት ሳናውቀው እንደግመዋለን ማለት ነው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ጋሌን ይህንን ግምት በከፊል አፈረሰ። የእንስሳትን ደም ቅዳ በሁለት ቦታ አስሮ በመካከሉ በመቁረጥ ውስጡ ደም እንጂ አየር አለመሆኑን አሳየ። ከዚህም በላይ በሕይወት ባለ ዐሣማ ላይ ወደ ማንቁርት ተመልሶ የሚወጣውን ነርቭ ሲቆርጥ እንስሳው መተንፈሱን ሳያቆም ድምፁ ብቻ መጥፋቱን በአደባባይ አስመሰከረ። ዛሬ የእንቅርት ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ባለሙያ ሁሉ ለዚህ ነርቭ የሚጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን በጋሌን ዘመን በሮም የሰውን አስከሬን መክፈት የተለመደ አልነበረም። ስለሆነም ትምህርቱ በዝንጀሮ መሰል እንስሳት፣ በዐሣማና በሌሎች እንስሳት ላይ የተመሠረተ ነበር። ደም በጉበት ውስጥ ከምግብ ይዘጋጃል፤ ከዚያም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ውስጥ በማይታዩ ቀዳዳዎች ይንጠባጠባል፤ በግራው ክፍልም ከሳንባ ከመጣው ፕኒውማ ጋር ይቀላቀላል ሲል አስተማረ። እነዚያን ቀዳዳዎች ያያቸው ማንም አልነበረም። ሆኖም የተናገረው ጋሌን ስለሆነ ብቻ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ እንዳሉ ሆነው ተቆጠሩ።

በካይሮ የተጻፈውና የተረሳው

ይህንን ትምህርት መጀመሪያ በግልጽ የተቃወመው ከደማስቆ አካባቢ ተነሥቶ በካይሮ ያገለገለው ሐኪም ኢብን አል-ናፊስ ነው። በ1242 ዓ.ም. የኢብን ሲናን «ቃኑን» የአናቶሚ ክፍል ሲያብራራ በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራም መሆኑን፣ የሚታይም ሆነ የማይታይ ቀዳዳ እንደሌለው ጻፈ። ቀዳዳ ከሌለ ደሙ የግድ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደም ከቀኝ ልብ ተነሥቶ ወደ ሳንባ እንደሚሄድ፣ በዚያም ከአየር ጋር እንደሚገናኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ልብ እንደሚመለስ አስረዳ። በሳንባ ውስጥ በሁለቱ ዓይነት የደም ሥሮች መካከል ጥቃቅን መተላለፊያዎች መኖር እንዳለባቸውም ገመተ።

ይህ ሁሉ የተጻፈው አውሮፓውያን ተመሳሳይ ሐሳብ ከማቅረባቸው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ሆኖም ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ቀረ። የዘመኑ የሕክምና ታሪክ አጥኚዎች ልብ ያሉት በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም፣ አል-ታታዊ፣ በጀርመን ሲማር በበርሊን የተቀመጠውን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ባደረገው ጊዜ ነበር። በመካከሉ 682 ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ መዘግየት ተጠያቂው የአስተዋይ ሰው መጥፋት አይደለም። አስተዋዩ ሰው የጻፈውን አንብቦ፣ ፈትሾና አስተምሮ የሚያስተላልፍ አለመኖሩ ነው።

ሸምበቆው፣ እሳቱና እውነተኛው መንገድ

በ1543 አንድርያስ ቬሳሊየስ የተባለ የ28 ዓመት ወጣት መምህር ስለ ሰው አካል አሠራር የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ በባዝል አሳተመ። ቬሳሊየስ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የሰው አስከሬን በገዛ እጁ እየከፈተ ያስተምር ስለነበር ጋሌን የጻፈውና ዓይኑ የሚያየው የማይስማሙባቸውን ብዙ ቦታዎች አገኘ። የልብን ግድግዳ ቀዳዳዎች በተመለከተ በመጀመሪያው ዕትም በጥንቃቄ፣ በ1555 በወጣው ሁለተኛው ዕትም ደግሞ በግልጽ ጥርጣሬውን አስቀመጠ።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ አጭር ክፍል ይገኛል። ደረቱ የተከፈተ እንስሳ ሳንባው ተኮማትሮ ልቡ ሲደክም፣ በትራኪያው ላይ ቀዳዳ ከፍቶ የሸምበቆ ቱቦ በማስገባት ቢነፋበት ሳንባው እንደገና እንደሚነሣና ልቡም ኃይሉን እንደሚያገኝ ቬሳሊየስ ጽፏል። ወደዚህ ሸምበቆ ኋላ እንመለሳለን።

ከአሥር ዓመት በኋላ ስፔናዊው ሚጌል ሰርቬቶ በሃይማኖታዊ መጽሐፉ ውስጥ ደም በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ አስፍሮ ተገኘ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ቀላልና ብርቱ ነበር፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ሳንባን ለመመገብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልሰፋ ነበር የሚል ነው። ሰርቬቶ በሃይማኖት አቋሙ ተከሶ ጥቅምት 27 ቀን 1553 በጄኔቫ በእሳት ተቃጠለ። መጽሐፉም አብሮ እንዲጠፋ ተደረገ፤ እስከ ዘመናችን የደረሱት ሦስት ቅጂዎች ብቻ ናቸው።

በ1559 የታተመው የሪያልዶ ኮሎምቦ መጽሐፍ ጉዳዩን ወደ ምልከታ አደባባይ አወጣው። ኮሎምቦ በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ከሳንባ ወደ ግራ ልብ የሚመለሰውን የደም ሥር ከፍቶ ሲመለከት በውስጡ ያገኘው አየር ወይም ጢስ አልነበረም፤ ደም ነበር። በፓዱዋ የተማረው እንግሊዛዊ ዊሊያም ሃርቬይም በ1628 ይህንን ሁሉ አቀናጅቶ ደም በመላ ሰውነት እንደሚዞር አረጋገጠ። ለሃርቬይ ያልተመለሰለት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገረው በምን በኩል ነው?

ማይክሮስኮፑና ሁለት ውሾች

መልሱ የመጣው ሃርቬይ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። በ1661 ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ስለ ሳንባ የጻፋቸውን ሁለት ደብዳቤዎች አሳተመ። ማልፒጊ ለምርመራው የመረጠው የእንቁራሪትን ሳንባ ነው። የእንቁራሪት ሳንባ ስስና ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ የዘመኑ ደካማ ማይክሮስኮፕ እንኳ ውስጡን ለማየት በቃ። ሳንባ ሥጋ የሞላው አካል ሳይሆን እርስ በርሳቸው የተያያዙ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ስብስብ መሆኑን ተመለከተ። በከረጢቶቹ ግድግዳ ላይም ደም ሳይፈስ ሳይበተን በፀጉር መሰል ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ አየ። ኢብን አል-ናፊስ በሐሳቡ የገመታቸውና ሃርቬይ ያጣቸው መተላለፊያዎች እነዚህ ካፒላሪዎች ነበሩ።

መንገዱ ታወቀ፤ የመንገዱ ዓላማ ግን ገና አልታወቀም። ብዙዎች ሳንባ የሚጠቅመው በእንቅስቃሴው ደምን ለመናጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1667 ሮበርት ሁክ በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባላት ፊት ይህንን ፈተነ። የአንድን ውሻ ደረት ከፍቶ፣ የሳንባውን ገጽ በብዙ ቦታ ወጋግቶ፣ በትራኪያው በኩል በወናፍ ሳያቋርጥ አየር አስገባ። ሳንባው እንደተነፋ ሳይንቀሳቀስ ቀረ፤ ውሻው ግን አልሞተም። ስለዚህ ሕይወት የሚያስፈልጋት የሳንባ መንቀሳቀስ ሳይሆን የንጹሕ አየር መድረስ መሆኑ ተገለጠ። በ1669 ደግሞ ሪቻርድ ሎወር በሌሎች ውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ ጥቁር ቀይ ሆኖ ወደ ሳንባ የገባው ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚወጣው አየር እስካገኘ ድረስ ብቻ መሆኑን አሳየ። ዛሬ የታማሚውን ከንፈርና ምላስ ለብዥታ ወይም ለጥቁረት የምንመለከት ሁሉ የሎወርን ምልከታ እየደገምን ነው።

በአየር ውስጥ ያለው ያ ጠቃሚ ነገር ምን እንደሆነ ለመለየት ሌላ መቶ ዓመት አስፈለገ። ፈረንሳዊው ላቫዋዚዬ በ1770ዎቹና በ1780ዎቹ ባደረገው ጥናት መተንፈስ ኦክስጅን የሚጠፋበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣበት ዝግተኛ መቃጠል መሆኑን አስረዳ። አሪስቶትል እሳቱን ያበርዳል ያለው ወናፍ ለካ እንደ አንጥረኛው ወናፍ እሳቱን የሚመግብ ነበር።

የጋን ድምፅና የወረቀት ጥቅል

እስከዚህ ድረስ የሳንባ አናቶሚ የአስከሬንና የእንስሳት ዕውቀት ነበር። በሕይወት ባለ ታማሚ ደረት ውስጥ ያለውን ለማወቅ የተቻለው ከውጭ ሆኖ ውስጡን መስማት ሲጀመር ነው። የጠላ ጋን ጎኑ በጣት ሲመታ እስከ ምን ድረስ እንደሞላ በድምፁ ይታወቃል። የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ የነበረው የቪየናው ሐኪም ሌዮፖልድ አውንብሩገርም ደረትን በጣቶቹ እየመታ አየር ያለበትን ከፈሳሽ ወይም ከደደረው ክፍል መለየት እንደሚቻል በ1761 በትንሽ መጽሐፍ አሳወቀ። የዘመኑ ሐኪሞች አብዛኞቹ ነገሬ አላሉትም። በ1808 የናፖሊዮን ሐኪም ኮርቪዛር ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ እስኪያሳትመው ድረስ 47 ዓመታት አለፉ።

በ1816 ሬኔ ላኤኔክ በፓሪስ አንዲት ወጣት ታማሚ ሲመረምር ጆሮውን በደረቷ ላይ ማድረግ ነውር ሆኖ ስለታየው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ። ከእጁ መዳበስና ከጆሮ መለጠፍ የበለጠ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ሳሉ የሰማውን ድምፅ ሲሞቱ በአስከሬናቸው ከሚያገኘው የሳንባ ጉዳት ጋር እያነጻጸረ ለሦስት ዓመታት ሠርቶ በ1819 መጽሐፉን አወጣ። የላኤኔክ ትልቅ ሥራ ስቴቶስኮፕን መፍጠሩ ብቻ አይደለም፤ ድምፅን ከአናቶሚ ጋር ማጣመሩ ነው። ላኤኔክ ራሱ በ1826 በ45 ዓመቱ ሲያጠናው በኖረው የሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

የዛፉ ቅርንጫፎች

የአየር ቧንቧዎች ተገልብጦ የተተከለ ዛፍ ይመስላሉ። ግንዱ ትራኪያ ነው፤ ትራኪያ በቀኝና በግራ ዋና ብሮንካስ ይከፈላል፤ እነዚህም ወደ ሎቦች፣ ከዚያም ወደ ሴግመንቶች እየተከፋፈሉ ይቀጥላሉ። የቀኙ ሳንባ ሦስት ሎብ፣ የግራው ሁለት ሎብ አለው። ይህን ማንኛውም ተማሪ ይሸመድደዋል። የሽምደዳው ጥቅም የታየው ግን በዛፉ ውስጥ መግባት ሲቻል ነው።

በ1897 በጀርመን ፍራይቡርግ ጉስታቭ ኪሊያን ግትር ቱቦ በአፍ በኩል አስገብቶ አጥንት የታነቀበትን አንድ ገበሬ ከሞት አዳነ። አጥንቱ የተገኘው በቀኙ ዋና ብሮንካስ ውስጥ ነበር። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ቀኙ ብሮንካስ ከግራው ሰፊ፣ አጭርና ይበልጥ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ በትራኪያ ያለፈ ባዕድ ነገር ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ያመራል። በዚሁ ምክንያት ለመተንፈሻ የሚገባ ቱቦ ከልክ በላይ ከጠለቀ ቀኝ ብሮንካስ ውስጥ ገብቶ ግራውን ሳንባ አየር ያሳጣዋል። ቱቦ ያስገባ ባለሙያ ሁለቱንም ጎን የሚያዳምጠው ለዚህ ነው። የታችኛዎቹ ሎቦች አብዛኛው ክፍል በጀርባ በኩል ስለሚገኝም ታማሚውን አስቀምጦ ጀርባውን ያላዳመጠ ሐኪም የሳንባውን ሰፊ ክፍል ሳይመረምር እንደቀረ ይቆጠራል።

የሴግመንቶቹ ካርታ እየጠራ ሲሄድ የቀዶ ሕክምናም አብሮ አደገ። በ1933 አሜሪካዊው ኤቫርትስ ግራሃም በካንሰር የተያዘን አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ቀዶ ጥገና አወጡ። ታማሚው ራሱ ሐኪም ሲሆን ከቀዶ ሐኪሙ በኋላም በሕይወት ኖሯል። ግራሃም ግን አጫሽ ነበሩና በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞቱ። በ1943 ጃክሰንና ሁበር የሴግመንቶችን ስም ወጥ በሆነ መንገድ አስቀመጡ፤ ዛሬ በራጅና በሲቲ ስካን ውጤት ላይ የምናነባቸው ስሞች መነሻቸው ይኸው ነው።

የቬሳሊየስ ሸምበቆም በመካከሉ አልፎ አልፎ ቢሞከርም እውነተኛ ጉልበቱ የታየው በ1952 በኮፐንሃገን ነው። በዚያ ዓመት የፖሊዮ ወረርሽኝ የብዙ ሰዎችን የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሽባ አደረገ። በወቅቱ በነበሩት መሣሪያዎች ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 31 ታማሚዎች 27ቱ ሞቱ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ሳንባዎቹ ራሳቸው ጤነኞች እንደሆኑ፣ ችግሩ የአየር አለመድረስና የምራቅና የአክታ መከማቸት እንደሆነ ተገነዘቡ። በትራኪያ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባ፤ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ በእጃቸው ከረጢት እየጨመቁ ሌሊትና ቀን አስተነፈሱ። በዚህ ሥራ ወደ 1,500 ያህል ተማሪዎች ተሳተፉ። የሟቾቹ ቁጥር በወረርሽኙ መጨረሻ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ የተማሪዎች እጅ የተወለደ ነው።

የመጨረሻው ሽፋን

የዛፉ ጫፍ ላይ የሚገኙት የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ምን እንደሚመስል እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ያከራክር ነበር። አንዳንዶች ካፒላሪዎቹ ያለ አንዳች መሸፈኛ በቀጥታ ለአየር የተጋለጡ ናቸው ይሉ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ሎው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እጅግ ስስ የሆነ፣ ያልተቋረጠ የሴል ሽፋን መኖሩን አሳዩ። በአየርና በደም መካከል ያለው ግድግዳ በስሱ ቦታ ላይ ከአንድ ሺኛ ሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት አለው። በ1963 የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ኤዋልድ ዋይበል ቧንቧዎቹ ከትራኪያ ጀምሮ እስከ ከረጢቶቹ በአማካይ 23 ጊዜ እንደሚከፋፈሉና የከረጢቶቹም ቁጥር ወደ 300 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገመቱ። በ2004 በተሻለ የመቁጠሪያ ዘዴ የተሠራ ጥናት ቁጥሩን በአማካይ ወደ 480 ሚሊዮን ከፍ አድርጎታል። ይህ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ የአዋቂ ሰው ሳንባ ገጽ 140 ሜትር ካሬ ያህል ይሆናል።

ይህን ያህል ብዙ፣ ትናንሽና እርጥብ ከረጢት በፈሳሽ ገጽ ውጥረት ምክንያት ተኮማትሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጥያቄውን በ1929 ኩርት ፎን ኔርጋርድ አንሥተው ነበር። ሳንባን በፈሳሽ ለመሙላት ከሚያስፈልገው ግፊት ይልቅ በአየር ለመንፋት የሚያስፈልገው እንደሚበልጥ አሳይተው፣ የአራስ ሕፃናት የመጀመሪያ ትንፋሽም ከዚህ ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ጠቆሙ። ጽሑፋቸውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1955 ሪቻርድ ፓትል፣ በ1957 ጆን ክሌመንትስ፣ ከረጢቶቹን የሚቀባና ውጥረቱን የሚቀንስ ንጥረ ነገር መኖሩን በየፊናቸው አረጋገጡ። ይህም ሰርፋክታንት የምንለው ነው። በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቬሪና ጄሬ ሚድ ያለጊዜያቸው ተወልደው በትንፋሽ ማጠር በሚሞቱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳዩ።

ምክንያቱ ታወቀ፤ ሕክምናው ግን ገና አልደረሰም። በ1963 ከጊዜው ቀድሞ የተወለደው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኤፍ. ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ሕመም በሁለት ቀኑ ሞተ። የኃያል አገር መሪ ልጅ መሆን አላዳነውም። በ1971 ግሪጎሪና ባልደረቦቻቸው ሕፃኑ በራሱ እየተነፈሰ በአየር ቧንቧው ውስጥ የማያቋርጥ ግፊት ቢደረግለት ከረጢቶቹ እንደማይዘጉ አሳዩ። በ1972 በኒውዚላንድ ሊጊንስና ሃዊ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ ስቴሮይድ የጽንሱን ሳንባ እንደሚያበስል አረጋገጡ። በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው ፉጂዋራና ባልደረቦቻቸው ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለአሥር ሕፃናት ሰጥተው ውጤቱን አስታወቁ። በእኛ አገር በእርድ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ለውሻ የሚጣለው ሳንባ በውስጡ ሕፃናትን የሚያድን ንጥረ ነገር እንደያዘ ማን ይገምት ነበር? ኔርጋርድ ከጻፉ 51 ዓመታት አልፈው ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የሳንባ ዕውቀት ታሪክ የብርሃን ብቻ ታሪክ አይደለም። የኢብን አል-ናፊስ ጽሑፍ አንባቢ አጣ፤ የሰርቬቶ መጽሐፍ ተቃጠለ፤ የአውንብሩገር ጣት ተናቀ፤ የኔርጋርድ ሙከራ ተረሳ። ለጋሌን የማይታዩ ቀዳዳዎች ግን ለሺህ ዓመታት የሚያምን ሰው አልጠፋም። ዕውቀትን ያዘገዩት ነገሮች በየዘመኑ መልካቸውን ቢለዋውጡም ሥራቸው አንድ ነበር፤ ለታላቅ ስም የሚሰጥ አክብሮት ለማስረጃ ከሚሰጠው በለጠ፤ የተጻፈው ሳይነበብ ቀረ፤ የተነበበው ደግሞ ወደ አልጋው አልወረደም። ዋጋውንም ሁልጊዜ የከፈለው ታማሚው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። የሳንባ ምችና ያለጊዜ መወለድ የሚያስከትለው የመተንፈስ ችግር በአገራችን ሕፃናትን ከሚቀጥፉት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ናቸው። ሁለቱንም ለመቀነስ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከተገኘ ቆይቷል። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ 11 ወር ያለው 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ፈጣን ትንፋሽ እንደሚባል በየጤና ኬላው ይታወቃል። ይህን ለማወቅ ራጅ አያስፈልግም፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ በትዕግሥት መቁጠርን ብቻ ይጠይቃል። በሆስፒታሎቻችን የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች የሚታየው፣ ጫፉ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ አረፋ የሚያወጣው ቱቦም የ1971ዱን ግኝት በቀላል መሣሪያ ለሕፃኑ የሚያደርስ ነው። ቁም ነገሩ መሣሪያው በክፍሉ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ ለሚያስፈልገው ሕፃን በሚያስፈልገው ሰዓት መገጠሙና ሌሊቱን ሙሉ የሚከታተለው ሰው ማግኘቱ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን ከተገኘ ወዲህም ኦክስጅን ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል።

በመሆኑም የሳንባን አናቶሚ የሚያስተምሩ መምህራን የሎቦቹንና የሴግመንቶቹን ስም ሲያስቆጥሩ እያንዳንዱ ስም በአልጋው አጠገብ ምን ሥራ እንዳለው አብረው ቢያሳዩ መልካም ነው። የኮፐንሃገኖቹ ተማሪዎች በእጃቸው ከነበረው የጎማ ከረጢት በቀር የረቀቀ መሣሪያ አልነበራቸውም። የአየር ቧንቧው የት እንደሆነ፣ አየሩ ወዴት መድረስ እንዳለበትና ካልደረሰ ምን እንደሚከተል ግን ያውቁ ነበር። ያንን ዐውቀው እጃቸውን ሌሊቱን ሙሉ ከከረጢቱ አላነሡም።